ጀርባውን ሰጥቶ ያስተማረኝ ወጌሻ

እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና ባሌ አንሙት እንደ ልማዳችን ከሰፈራችን ሜዳ ጠርዝ፣ ከሾላው ሥር ተቀምጠን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እናይ ነበር። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ የያዝናት ጨዋታ ነበረችን። አንድ ልጅ ወድቆ ሲነሣ ምኑን እንደተጎዳ ከአረማመዱ እንገምታለን። የተሸነፈ የማታውን ሻይ ያፈላል።

ያን ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ ወደቀችና እያነከሰች ተነሣች።

«ቁርጭምጭሚቷ ነው» አልሁት።

«ዳሌዋ ነው። እግሯን ሙሉውን እየረገጠች ነው፣ አታይም?»

«ዓይንህ ከመቼ ወዲህ ነው እስከዚያ ድረስ የሚያይ?»

«በዓይኔ መቼ አየሁ አልሁሽ? አወዳደቋን ሰማሁት።»

ልጅቱ ጥቂት ካነከሰች በኋላ ኳሱ ወደ እሷ ሲመጣ ጊዜ እንደ ፌንጣ ዘላ ሮጠች። ምንም አልሆነችም ነበር። አንሙት እየሳቀ «እንግዲያስ ሻዩን አብረን እናፍላ» አለኝ። አብረን አፈላን። ሰኞ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ ቀረ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ። ላዝንበት ብዬ አልጀመርሁትም፤ ኀዘኑ ሳይጠሩትም ይመጣል። የምጽፈው የሥራ ዘመናችን ደስ የሚል ስለነበረ ነው። ብዙ ስቀንበታል።

እኔ ባንቺአየሁ የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርሁ። አንሙትም ወጌሻ ነበረ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ሰው ማለት ነው። ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝና ስነግራቸው አብዛኛዎቹ ዞር ብለው እጄን ያዩታል።

ሥራ የጀመርሁት ግን በባሕር ዳር በአንድ የክር ፋብሪካ፣ በፈትል ክፍል ነው። ሥራዬ ክር ሲበጠስ ማሽኑን ሳላቆም ጫፉን በጣቴ ፈልጌ መቀጠል ነበር። ደመወዙን አላወራውም፤ ያኔም ብዙ አላወራነውም። ፋብሪካው የቆየ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ የዚያ ቡድን ወጌሻ አንሙት ነበር። ከዚያ ፋብሪካው የሴቶች ቡድን ለማቋቋም አሰበ። ተጫዋቾች ተገኙ፣ መለያ ተሰፋ፣ አሰልጣኝ ተመደበ። የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን አንድ ነገር አንሥተው ስብሰባውን አቆሙት።

«ልጆቹ ከየገጠሩ የመጡ ናቸው» አሉ። «ወንድ ታፋቸውን ሲያሽ አንድ ወላጅ ቢያይ፣ በማግሥቱ አሥራ አንዱም አይኖሩም።»

ሴት ወጌሻ ቢፈለግ የለም። ስለዚህ የተወሰነው ውሳኔ ይህ ነበር፦ አንሙት አይነካም፣ አያይምም። አንዲት ሴት ትገኝና እሷ እጁ ትሁን፤ እሱ ደግሞ አፏ።

አንሙት እጅ ፍለጋ ፈትል ክፍል የገባ ዕለት ትዝ ይለኛል። በማሽኑ ጩኸት መሐል «እጃችሁን አሳዩኝ» አለ። ሴቶቹ ሳቁበት።

«መዳፍ አንባቢ መጣላችሁ!»

«ጋሼ፣ ባል እንዳለኝ እዚህ ላይ ተጽፏል ወይ?»

እኔም እየሳቅሁ ወደ እሱ አያለሁ። ክር ተበጠሰ፤ ዓይኔን ሳልመልስ ቀጠልሁት። እጄን አይቶ «ይቺ» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ሰው ሳይነካ መንካትን እንዴት ያስተምራል? የጨርቅ ከረጢቶች ሰፋ። በአንዱ ጤፍ ሞላ፣ በአንዱ ሽምብራ፣ በአንዱ የረጠበ አሸዋ፣ በአንዱ ጥጥ አድርጎ ከጥጡ መሐል አንዲት ጠጠር ደበቀ። አግዳሚው ላይ ደርድሮልኝ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ። «ጠጠሯ የት ናት? ከላይ ናት ከታች? ስትገፊያት ትሄዳለች ወይስ ጥጡን ይዛ ትመጣለች?» ለበዓል በግ ሲታረድ የኋላ እግሩን ለምኖ ያመጣልኛል፤ ጅማቱ ከአጥንቱ የት ላይ እንደሚያያዝ በጣቴ ተከትዬ እንድነግረው ያደርጋል።

ከሁሉ የከበደው መንገሩ ነበር። እሱ በእኔ አፍ ነበር የሚያየው። ስለዚህ ለእጅ ቋንቋ አበጀንለት። ያበጠ ገና ትኩስ ከሆነ «የተነሣ ሊጥ»። የተኮማተረ ጡንቻ «ቋንጣ»። ውሃ የቋጠረ ጉልበት «ስልቻ»። የባት መሸማቀቅ «የታሰረ ገመድ»። ተጫዋቾቹ ይህን ሲሰሙ «እኛ ሰው ነን ወይስ ጓዳ?» ይሉ ነበር።

ሜዳ ላይ የነበረውን ነገር ማየት ነበረባችሁ። ልጅ ትወድቃለች፤ ሁለታችንም እንሮጣለን። እኔ እንበረከካለሁ፤ እሱ ጀርባውን ይሰጠንና ወደ ጣና እያየ ይቆማል። «አውራ ጣትሽን ከታች። ቀስ። ምን አገኘሽ?» «ቋንጣ።» «ርዝመቱ?» «ስንዝር አይሞላም።» «በይ ከዳር ወደ መሐል።» ተመልካቹ ደግሞ አይተወንም። «ወጌሻዎቹ ተኳርፈዋል፣ አስታርቋቸው!» ይላል አንዱ። «ከጣና ጉማሬ ወጥቷል እንዴ፣ ምን ታያለህ?» ይላል ሌላው።

አንሙት ከሰው ሁሉ የሚለዩት ልማዶች ነበሩት። ጥፍሩን ሥጋው ድረስ ይቆርጣል። ተጫዋች ከመንካቱ በፊት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ያሞቃል፤ በጥር ንፋስ ሳይቀር እጁ ቀዝቃዛ ሆኖ አያውቅም። ደግሞ ከመንካቱ በፊት «እጄ መጣ» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝም ይጠብቃል። እኔንም ይህንኑ አስለመደኝ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ዘልዬው ጀርባውን እንደሰጠን «አልሰማሁም» አለኝ።

«ምኑን?»

«እጅሽ መምጣቱን ስትነግሪያት አልሰማሁም። ሰው ሕመም ይችላል፤ ድንገትን ግን አይችልም።»

የወንዶቹ ቡድን ማሻሻ ክፍል የእሱ ግዛት ነበር። እዚያ አንድ ነገር ታዘብሁ። ልምምድ ካለቀ በኋላ ምንም ያልሆኑ ወንዶች ይሰለፋሉ። «ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ»፣ «ወገቤ ላይ አንድ ነገር አለ» ይላሉ። ጨዋታ የተሸነፉ ዕለት ሰልፉ ይረዝማል። ትልልቆቹ፣ ፂማቸው ያደገ፣ በደረታቸው ተኝተው ፊታቸውን ፎጣ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ጀርባቸው ይንቀጠቀጣል። አንሙት ምንም እንዳላየ ሆኖ ያሻል። አንድ ቀን ግዙፉ በረኛቸው ሲወጣ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«የእጅ ናፍቆት ነው። ወንድ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ከወረደ በኋላ የሚነካው ሰው ለማግኘት ሜዳ ላይ እስኪጋጭ ነው የሚጠብቅ።»

በሜዳ ላይ ግን ወንዶቹን የሚያህል የለም። ጎል ሲያገቡ አንዱ አንዱ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ይተቃቀፋሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ተደራርበው ይወድቃሉ። ከሜዳ ውጭም ጣት ለጣት ተቆላልፈው ጣና ዳር ሲሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። የእኛዎቹ የመጀመሪያዋን ጎል ያገቡ ዕለት ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። «ጨዋ ሁኑ፤ ወላጅ ያያችኋል» ተብለው ነበርና፣ ተራ በተራ እየሄዱ አግቢዋን በትከሻ ሰላም አሏት። ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። «እግዜር ያጥናችሁ!» ብሎ የጮኸም ነበር።

አግቢዋ አምበላችን ዘምዘም ነበረች፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ረጅም፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠፍንጋ አስራ የምትጫወት። በዕረፍት ሰዓት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችባቸው።

«ስሙኝማ። ከአሁን በኋላ ጎል አግብቼ በትከሻ ሰላም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ወላሂ ሁለተኛውን በራሳችን ጎል ላይ ነው የማገባው።»

«ሰብሳቢዋ እያዩን ነው እኮ።»

«ይዩና! ወንድሞቼ ጎል ሲገባ ተቃቅፈው ሲንከባለሉ እናቴ እልል ነው የምትል። እኔ ምን ይዤ መጣሁ፣ እከክ?»

ከዕረፍት በኋላ እውነትም አገባች። እጇን ዘርግታ ሮጠች። ማንም አልመጣም፤ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ያያል። ኋላ ከመሐል አንዲት አጭር ልጅ እየበረረች መጥታ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች። ብርቱካን ትባላለች፤ የደልጊ ልጅ ናት። ከዚያ ሁሉም ተከመሩ። ሰብሳቢዋ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ጥቂት ቆይተው በአንድ ዓይናቸው አጮልቀው አዩ፤ ኋላማ ነጠላውን እያውለበለቡ ሲያጨበጭቡ አየኋቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታቸው ራሱ ተለወጠ። ቀድሞ በልምምድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ «ይቅርታ እቴ» እየተባባሉ ኳሱን ለሦስተኛ ሰው ይተዉት ነበር። የሚተቃቀፍ ሰው መገፋፋትንም አይፈራም። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም፤ በዓይኔ አይቼው ነው።

ብርቱካን የመሐል ተጫዋች ነበረች። ከአሰልጣኙ በላይ ትጮኻለች። «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልሁሽ፣ ቀኝሽ የት ነው የተወለደ!» ትላለች። ሜዳውን ሁሉ የምታየው እሷ ነበረች። አባቷ ደልጊ ላይ ዓሣ አጥማጅም ገበሬም ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የላካት ትምህርት እንድትማርና ፋብሪካ እንድትሠራ እንጂ ኳስ እንድትጫወት አልነበረም። ለዚህ ነው ሰብሳቢዋ ከሁሉ አብልጠው ለእሷ የሚሰጉት።

ከጎንደር ከመጣ ቡድን ጋር ስንጫወት ብርቱካን በሙሉ ሩጫ ሳለች ለመዞር እግሯን ተከለች። ማንም አልነካትም። ጉልበቷ ብቻውን ከዳትና ወደቀች። ሮጥን። ተንበረከክሁ፤ አንሙት ጀርባውን ሰጠን።

«ያበጠ አለ?»

«የለም።»

«ይሞቃል?»

«አይሞቅም።»

«ስትጫኚው ትጮኻለች?»

«አትጮኽም።»

«አጥፋ ትዘረጋዋለች?»

«እየዘረጋችው ነው።»

እጄ ግን አንድ ነገር አግኝቶ ነበር። ቅልጥሟን ስይዝ ከታፋዋ ሥር እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ሸርተት አለ። ሊጥ አይደለም፣ ቋንጣ አይደለም፣ ስልቻም አይደለም። አግኝቼው የማላውቀው ነገር ነው። እሱ አልጠየቀኝም፤ ሊጠይቅ የሚችለው ያስተማረኝን ነገር ብቻ ነበር። እኔም ምን ብዬ እንደምነግረው አላገኘሁለትም። ዳኛው «ወይ ይውጡ ወይ ይነሡ!» እያለ ከራሳችን በላይ ቆሟል። ብርቱካን ራሷ «ደኅና ነኝ፣ ተዪኝ ልነሣ» አለች። ተነሣች፤ ቆመች፤ ረገጠችው። አስገባናት። ኳስ ደርሷት ዞር ስትል የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እሱ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ቢይዘው ኖሮ ያን ጉልበት መልሶ ሜዳ ባላስገባው ነበር። ይህን እሱም እኔም ያን ዕለት ማታ ሳንነጋገር አውቀነዋል።

ጉልበቷ ሲመሽ ስልቻ ሆነ። በመኝታ ቤቷ እኔ አልጋዋ አጠገብ፣ እሱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ፣ እየጠየቀ እየመለስሁ ቆየን። በማግሥቱም እንዲሁ። «ልይዘው ይገባኛል» አለ። ሰብሳቢዋ እሺ አላሉም። ለአባቷ ስልክ ተደውሎ ነበርና በሦስተኛው ቀን በደልጊ ጀልባ መጡ። ሰብሳቢዋ ሮጠው ነገሩን።

«አባትየው መጡ! አንሙት፣ በእናትህ ከዚህ ራቅ። ልጅቷን ይዘው ይሄዱና ይድሯታል፤ ሌሎቹም ወላጆች ይከተላሉ።»

አንሙት አልተነሣም። አቶ ሞላ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዘው ደረሱ። ልጃቸውን በሩ ውስጥ አዩዋት፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩት።

«ይኸ ሰውዬ ደግሞ ምን አድርጎ ነው የተቀጣ?» አሉ።

ዘምዘም ከአልጋው ራስጌ ብርቱካንን ደግፋ ነበር፤ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰብሳቢዋ እየተርበተበቱ ሁሉንም አስረዱ፦ እሱ ያውቃል ግን አይነካም፣ እሷ ትነካለች እሱ ይነግራታል።

«እና የሚያውቀው አይነካ፣ የምትነካው አታውቅ?»

«ለእናንተ ክብር ብለን ነው እኮ አባቴ።»

«ለእኛ?» ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እኔ መቼ ለመንኋችሁ? የእናቷ ክንድ ከታንኳ ወድቃ የወለቀ ጊዜ የመለሰላት የመንደራችን ወጌሻ ወንድ ነው። ያውም አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። እኔ ራሴ ወገቧን ይዤለት ነበር። የከተማ ሰዎች ይህን ከየት አመጣችሁት?»

ከገጠር ለሚመጣ አባት ብለን ያጠርነው አጥር ነበር፤ የገጠሩ አባት መጥቶ አጥሩን ሲያይ ምን እንደሆነ አላወቀውም።

«እኔን ያስከፋኝ ቁምጣው ነው» አሉ ቀጥለው። «ያን የሐይቅ ንፋስ በባዶ ጉልበት! ለዚህ ነው የታመመችው።»

አንሙት ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ዞረ። እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነበር። «አቶ ሞላ፣ ልጅዎን ልንካት?» አለ።

እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት ብርቱካን ከአልጋው ላይ ጮኸች። «ጋሽ አንሙት! ጉልበቱ የእኔ አይደል? እኔን ይጠይቁኝ እንጂ!»

«እውነቷን ነው» አሉ አባትየው። «ሕመሙንም እኔ አልታመምሁላት።»

«ብርቱካን፣ እጄ መጣ።»

«ይምጣ።»

ያዘው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ቅልጥሟን ሳብ አደረገ። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ ሲጠቁር አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ባንቺአየሁ፣ እጅሽን ልያዝ?»

ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንሠራ እጄን ነክቶት አያውቅም። «እሺ» አልሁ። እጄን ወስዶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠው፤ የእሱን ከላይ አደረገበት። አብረን ሳብነው። መሳቢያው ሸርተት አለ።

«ይህን ነበር ያገኘሽው?»

«ይህን ነበር።»

«ስም አላወጣንለትም ነበር። በቃ፤ አሁን እጅሽ ያውቀዋል።» እጁን ቶሎ አላነሣውም። እኔም አላነሣሁም። ዘምዘም ጉሮሮዋን ጠረገች።

ከዚያ አንሙት ለብርቱካን እውነቱን ነገራት። «የውስጥ ጅማትሽ ተበጥሷል። ይህ ከእኔ እጅ በላይ ነው፤ ሆስፒታል እንሄዳለን።» ብዙ ወጌሻ ይህን አይልም። ትልቁ ዕውቀት እጅን የት ላይ ማንሣት እንደሚገባ ማወቅ ነው ይል ነበር። ሐኪሙም ያንኑ አረጋገጠ፤ ትራመዳለች፣ ትሠራለች፣ ግጥሚያ ግን አትጫወትም።

ከሆስፒታል ወደ መኝታ ቤቷ ስንመልሳት ብርቱካን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቡድኑ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ዘምዘም ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ወጥታ ከጀርባዋ አቀፈቻት። ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋ ከግርጌ ደህናውን እግሯን አቅፋ ተኛች። ሌሎቹም በተገኘው ቦታ ሁሉ ተጠጋጉ። ሁሉም እያለቀሱ ሳለ አልጋው ቋ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ቀድማ የሳቀችው ብርቱካን ናት።

«በሉ እንግዲህ፣ ለአልጋውም ወጌሻ ፈልጉለት» አሉ አቶ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ ግን እውነተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «ካልተጫወተች እዚህ ምን ትሠራለች? ይዣት ልሂድ።»

ብርቱካን የዘምዘምን እጅ ጨበጠች። ዘምዘም «ትጮኽብናለች» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አባቴ፣ እሷ ካልጮኸችብን ወዴት እንደምንሮጥ አናውቅም። ለመጮህ ጉልበት ምን ያደርጋል? ጠርዝ ላይ ቆማ ትጩህብን።»

አቶ ሞላ ልጃቸውን አዩ፤ የተከመሩትን ልጆች አዩ። «መጮኹን ከእናቷ ነው የወረሰችው» አሉ በመጨረሻ። «እኔስ ቤት ወስጄ ሁለት ጩኸት ምን አደርጋለሁ?» ብቻቸውን ወደ ደልጊ ተመለሱ።

አንሙት ወላጆቼ ዘንድ ሽማግሌ ሲልክ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። «ልጃችሁን ዓይኔ እያየ እጇን ይዟታል፤ አስፈቅዶ ነው ግን» ብለው ነገሩን ስለጀመሩት አባቴ እስኪሞት ይስቅበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም በገዛ እጃችን ሠራን፤ ለወንዶቹም ለሴቶቹም። የአሠራር ደንባችን አጭር ነበር። የምትነካው ሰው ይጠየቃል፤ በሩ አይዘጋም፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኖራል፤ የማይነካው አካል ይሸፈናል። ሰብሳቢዋ ይህን ሲያዩ «ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉም ነበር?» አሉን። ከመጀመሪያው ማን አውቆት!

ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ሌላ ከተማ ለውድድር ሄደን አየሁ። የሌላ ቡድን ሁለት ልጆች ማታ ወደ እኔ መጡ። «የእኛ አሰልጣኝ እጅ እንደ ጋሽ አንሙት አይደለም» አሉኝ። የሚሉትን ሁሉ ሰማሁ። በማግሥቱ ከአንሙት ጋር ወደ አዘጋጆቹ ሄድን። «እሽት እኮ ነው፤ የስፖርት ነገር ነው» አሉን። አንሙት ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። «እሽት ከሆነ በሩ ተከፍቶ፣ ልጅቷ እሺ ብላ፣ ሰው ባለበት ይሁን። ይህን የሚፈራ እጅ እሽት አያውቅም» አለ። እስኪሰሙን ድረስ ከበሩ አልተነሣንም። ሰውዬው ከቡድኑ ተነሣ። ከልጆቹ አንዷ ኋላ ትልቅ አጥቂ ሆናለች።

አንድ ዘመን ላይ አዲስ የስፖርት ኃላፊ መጣና «ባልና ሚስት በአንድ ቡድን አይሠራም» ብሎ እኔን ወደ አንድ ኮሌጅ ቡድን አዛወረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት ይወድ ነበር። እኔና አንሙት ግን በስልክ ቀጠልን። «አንሙት፣ አንድ ባት ይዣለሁ፤ የታሰረ ገመድ ነው፣ ከታች ግን ጠጠር አለበት።» «ጠጠሯ ስትገፊያት ትሄዳለች?» አጠገቤ ያሉት የኮሌጅ ልጆች የግንባታ ሥራ የምንሠራ ይመስላቸው ነበር።

ዛሬ ሙያው ሌላ ሆኗል። በዲግሪ የተማሩ ልጆች መጥተዋል፤ የሚረጭ ቅዝቃዜ አላቸው፣ የሚለጠፍ ባለቀለም ፕላስተር አላቸው። እሰየው ነው። የብርቱካን ጉልበት ዛሬ ቢሆን ምናልባት ይጠገን ነበር።

አንሙት ሲሞት ድንኳኑ በሰው ሞላ። ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ «ተጽናኚ» ብሎ ይቀመጣል። ባል የሞተባትን ሴት ግን ሰው በቃል ነው የሚያጽናና፤ በእጁ ብዙ አይደፍርም። ሠላሳ ዓመት እጅ ለእጅ ስሠራ ለኖርሁ ሰው እሱ ከበደኝ። በሦስተኛው ቀን ቡድኑ መጣ። ዘምዘም ከወረታ፣ አሁን አራት ልጆችና አንድ የጨርቅ ሱቅ ይዛ። ሌሎቹም ከየሥራቸው። አልተቀመጡም። ጎል እንዳገባሁ ሁሉ ከየአቅጣጫው መጥተው ተከመሩብኝ። አንዲት አሮጊት «ኧረ ሴትዮዋን አፈናችኋት!» አሉ። ነጠላዬ ወደቀ፤ አለቀስሁ፤ ከዚያ ዘምዘም ጆሮዬ ላይ «በትከሻ ሰላም የሚልሽ ካለ ንገሪኝ» ስትለኝ በለቅሶ ቤት ሳቅሁ። አላፈርሁበትም። አንሙትም ይስቅ ነበር።

ብርቱካን መጨረሻ ቀረች። ስትራመድ አንድ እግሯን ትንሽ ታሽከረክራለች። ዛሬ የልጃገረዶች ቡድን አሰልጣኝ ናት፤ ጩኸቷ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል ይሏታል። ተቀምጣ እጄን ይዛ ቆየችና «ልጆቼ ሲወድቁ የሚይዝልኝ የለኝም» አለችኝ። «ዶክተር አለ፣ በወር አንዴ ይመጣል። እኔ ደግሞ የሰው ጉልበት ለመያዝ አልደፍርም።»

«ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ ልጄ።»

«እጅሽም ወጥቷል?»

እጄን አየሁት። አልወጣም ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ ሄድሁ። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወድቅ ከጀርባዬ የሚጠይቀኝ ድምፅ የለም። ተንበርክኬ አስፈቀድሁ። ቁርጭምጭሚቷ ነበር፤ ቀላል ወለምታ። አስሬላት ተነሣች።

ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት የብርቱካን ቡድን ወጌሻ ነኝ።